ከመካከላቸው የትኛዋ

«ውሸታም በሦስት መስመር ይያዝልኛል» ትል ነበር መቀስ። «አራተኛውን መስመር አልጠብቅም። ጣቴ ራሱ ያውቃል።»

መቀስ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ስድስተኛ ክፍል ሳለች የሒሳብ አስተማሪዋ ናቸው ያወጡላት፤ እሳቸው ተናግረው ሳይጨርሱ ከኋላ ወንበር አንድ ነገር ቆርጣ ስለምትጥልባቸው። ትምህርቱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቀረ፤ ስሙ ግን አብሯት ሥራ ገባ። ሥራው ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የአጎቷ ማመልከቻ መጻፊያ ቤት ነው፦ አንድ ኮምፒውተር፣ ወረቀት ሲውጥ የሚያቃስት አንድ ማተሚያ፣ ለደንበኛ የሚሆን አግዳሚ ወንበር፣ መስታወቱ ላይ ደግሞ በቀይ ቀለም «ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ» የሚል ጽሑፍ። «መልስ» የሚለውን ፀሐይ በልቶታል። ከመንገድ ማዶ የሚነበበው ክስና ይግባኝ ብቻ ነው።

ስለ ውሸታም የነበራት ጥበብ እንዲህ ነው። ውሸታም ሰው ነገሩን ቤቱ አጥንቶት ይመጣል። ስለዚህ ሲያስጽፍ እንደ ቧንቧ ይወርዳል፤ አይቆምም፣ አይሳሳትም። እውነተኛ ሰው ግን ይደናቀፋል። ቀን ይጠፋበታል፣ «ቆይ፣ እሱን አጥፊው» ይላል፣ መሬት መሬት ያያል። በዚህ ሚዛን መቀስ በአንድ የቤት አከራይ፣ በሁለት ባሎችና በአንድ የአውቶቡስ ባለቤት ፈርዳባቸዋለች። ዳኛው በሌላ መንገድ ሲፈርድ፣ «ዳኛው ምን ያውቃል፣ እሱ እኮ የሚያየው ወረቀቱን ነው» ትላለች።

አጎቷ ይስቃል። «አንቺ የዳኝነት ካባ ስትለብሺ ጥሪኝ፤ ያን ቀን እኔ አገር እቀይራለሁ።»

አጎቷ ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ሕጉም ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው፣ ባለጉዳዩ ያላለውን አትጨምሪ። ሁለተኛው፣ ከመፈረሙ በፊት ጮክ ብለሽ አንብቢለት። «ሰው የገዛ ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ነው የሚደነግጠው» ይላል። እያንዳንዱ ማመልከቻ በሦስት ቅጂ ይታተማል፤ አንዱ ለፍርድ ቤቱ፣ አንዱ ለተከሳሹ፣ ሦስተኛው በካርቶን ሳጥን ውስጥ እነሱ ዘንድ ይቀራል። መቀስ ከሁለቱ ሕጎች አንዱንም አትወድም። መጨመር ትወዳለች፤ «ተከሳሹ ሰደበኝ» የሚለውን «ተከሳሹ ሆን ብሎና አስቦበት ክብሬን በሰው ፊት ረገጠ» ብላ ስታሳምረው ባለጉዳዩ ራሱ አሁን ገና እንደተሰደበ ሁሉ እንባው ይመጣል። ማንበቡ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። እሷ የምትኮራው በፍጥነቷ ነው። ከመንገዱ ማዶ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በድሮ የጽሕፈት መኪና የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሁለት ጣት ነው የምትላቸው፤ ከሁለት ጣት በላይ አያንቀሳቅሱማ። «እሳቸው አንድ ክስ ጽፈው እስኪጨርሱ» ትላለች፣ «ከሳሽና ተከሳሽ ታርቀው ልጅ ይዳዳራሉ።»

ቄሱ የመጡት አጎቷ መንጋጋውን ይዞ ጥርስ ሊያስነቅል በሄደበት ጠዋት ነው።

የማታውቃቸው ሰው አይደሉም። እናቷ ታማ በተኛች ጊዜ በየሳምንቱ እየመጡ ጸልየውላታል፤ የሰፈሩን ልጆች መዝሙር የሚያስጠኑትም እሳቸው ናቸው። መቀስ ብድግ ብላ አግዳሚውን በእጅጌዋ ጠረገችላቸው።

«አባ፣ ይቀመጡ።»

«ኑሪልኝ ልጄ። አጎትሽ የለም?»

«ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዷል። ግን የሚጽፈው እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። እሱ የሚያነበው ብቻ ነው።»

ቄሱ ተቀመጡ። ከላስቲክ ማህደር አንድ ወረቀት አወጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ የጻፈው፣ ከሁለት እሁድ በፊት በሕዝቡ ፊት የተነበበው ደብዳቤ ነው። በእሳቸው ትምህርት ሥር ባለች ልጅ ላይ ከክህነት ጋር የማይሄድ ድርጊት ፈጽመዋል የሚል አቤቱታ ስለቀረበ፣ ከአገልግሎት ታግደዋል ይላል። ልጅቱ ማን እንደሆነች አይልም።

«ስሜን አጠፉት» አሉ ቄሱ ቀስ ብለው። «ክሴ ይኼ ነው። የስም ማጥፋት። የምከሰው ያገለገልኩትን ጉባኤ ነው።»

መቀስ ጣቶቿን ዘረጋች። ሰውየው ማስጻፍ ጀመሩ።

«እኔ ከሳሽ ለሃያ ሁለት ዓመት…» ቆሙ። መዳፋቸውን አዩ። «አይደለም፣ ሃያ ሦስት ነው። ሃያ ሁለቱን አጥፊው ልጄ።» እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ቆሙ። «ምን ብዬ ነበር?» አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። መቀስ መስመሮቹን ቆጠረች። ሦስት። በቃ፣ ይኼ ሰው እውነተኛ ነው። ፍርዷን በልቧ ሰጥታ ጨረሰች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ስትጽፍ ጆሮዋ ሥራ አቁሞ ነበር።

ስለዚህ ቄሱ «ጉባኤው ከመካከላቸው የትኛዋ እንደተናገረች ሊገልጽልኝ ፈቃደኛ አልሆነም» ሲሉ፣ በዐሥር ጣቷ ጻፈችው፤ ነጥብ አደረገችበት፤ ወደሚቀጥለው አለፈች።

ደብዳቤውን አገላብጣ አየች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት አፏን ከፈተች።

«አባ፣ ይኼ ክስ አንገት የለውም። ጉባኤው እኮ ነገ ችሎት ቀርቦ ‹እኛ ሰማን እንጂ አላልንም› ይላል። ያለችው ራሷ አብራ ካልተከሰሰች ያመልጡዎታል።»

«ስሟን ባውቅማ» አሉ ቄሱ።

እዚህ ላይ ስለ ፉጨት መናገር ያስፈልጋል። ፉጨት የመቀስ የወንበር ጓደኛ ነበረች፣ ከአንደኛ ክፍል እስከ ስምንተኛ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ልብስ ሰፊ ከሆነችው እናቷ ጋር ትኖራለች። ድምፅዋ ያማረ ስለሆነ ቄሱ ከሚያስጠኗቸው መዘምራን ጋር ትዘምር ነበር፤ ከመዝሙሩ ይልቅ ግን ፉጨቷ ይበልጣል። መቀስ ትምህርት ካቋረጠችም በኋላ በየማታው በመስኮቷ ሥር እያፏጨች ታልፍ ነበር። ለዚህ ነው ፉጨት ያለቻት፤ ከእሷ በቀር በዚህ ስም የሚጠራት የለም። ታዲያ ባለፈው ክረምት ፉጨቱ ቆመ። መዝሙሩም ቆመ። ልጅቱ መቀስን ስታይ መንገድ ትሻገር ጀመር። መቀስ አንድ ቀን እንኳ «ምን ሆንሽ?» ብላ አልጠየቀቻትም። «እሷ ተማሪ፣ እኔ የወረቀት አሽከር፤ ናቀችኝ» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ቂም ግን ዘግተውት የሚቀር ነገር አይደለም።

አሁን ሁሉም ነገር ገጠመላት። መዘምራኑን ትታ የወጣች፣ ሰው የምትሸሽ፣ ዓይን ለዓይን የማታይ። ውሸታም ካልሆነች ምን ያሸሻታል?

«እኔ አውቃታለሁ» አለች፣ ወንበሯን አዙራ። «ያቺ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት። ባለፈው ክረምት መዝሙር ያቆመችው። ከእሷ ሌላ ማን ይሆናል?»

ቄሱ መነጽር መጥረጋቸውን አቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። ማተሚያው ባዶውን ያቃስታል።

«እሷ?» አሉ። «እሷ ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

«እኔ ነኝ የምልዎት።»

መነጽራቸውን አደረጉ። «ጻፊያት» አሉ።

ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ስም ጻፈችው። አድራሻ ሲጎድል መዝገብ ቤት ይመልሰዋልና አድራሻውንም ራሷ ሞላችው፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር። በመጨረሻም፣ ባለሙያ እንዲያስመስላት፣ «በቅጽል ስሟ ፉጨት» ብላ ጨመረች። ቄሱ መዝገብ ቤቱ ለምሳ ሳይዘጋ ልድረስ ስላሉ ማንበቡ ቀረ። ቅጂዎቹ ሁሉ ላይ ፈረሙ፤ እሷም ከየገጹ ግርጌ የመጻፊያ ቤቱን ማኅተም ረገጠችበት።

«አምላክ ጣቶችሽን ይባርክ» ብለዋት ወጡ። መቀስ ቀኑን ሙሉ ጣቶቿን ስታይ ዋለች።

አጎቷ ጉንጩ አብጦ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣም። በአራተኛው ቀን መጣና እንደ ልማዱ የካርቶን ሳጥኑን ጎትቶ የተጠራቀሙትን ሦስተኛ ቅጂዎች ማየት ጀመረ። አንዱ ላይ ደረሰና ቆመ። አንብቦ ጨረሰ። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰ።

«ይኼን አንብበሽለታል?»

«ቸኩለው ነበር ጋሼ። ግን እሳቸው—»

«ለእኔ አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ።»

መቀስ ትከሻዋን ሰብቃ ማንበብ ጀመረች። ስታነብ ደግሞ ታሳምራለች፤ ድምፅዋን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ሃያ ሦስቱ ዓመት አለፈ፤ ደብዳቤው አለፈ። «ጉባኤው ከመካከላቸው የትኛዋ እንደተናገረች ሊገልጽልኝ…»

አፏ ቀደማት፤ ጆሮዋ በኋላ ደረሰ። ድምፅዋ መንገድ ላይ ቀረ።

«ድገሚው» አለ አጎቷ።

አልደገመችውም።

«ምንም ያላደረገ ሰው፣ ‹እንዲህ ብላ የዋሸችብኝ ማን ናት?› ይላል» አለ አጎቷ። ያበጠው ጉንጩ ቃሉን ይጎትተዋል። «‹ከመካከላቸው የትኛዋ ተናገረች› የሚል ሰው ግን፣ መናገር የሚችሉ ብዙ እንዳሉ የሚያውቅ ሰው ነው። የቸገረው የትኛዋ አፏን እንደከፈተች ማወቅ ብቻ ነው። ደብዳቤው ስሟን ሸሸገ። ስሟን ይኼ ወረቀት ከየት አመጣው?»

መቀስ ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እሱ ነው ያለሽ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለች በመጨረሻ። «ጋሼ፣ ሲያለቅሱ እኮ ነበር። ይሳሳቱ ነበር። ‹አጥፊው› ይሉኝ ነበር።»

«ሃያ ሦስት ዓመት የሰበከ ሰው ነው። የት ላይ ቆም ቢል ሰው እንደሚያምነው እሱ ካላወቀ ማን ያውቃል?»

መዝገብ ቤት አብረው ሮጡ፤ አጎቷ ጉንጩን ይዞ፣ እሷ ወረቀቱን ይዛ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ የእስክሪብቶውን ክዳን እያኘከ መዝገቡን ገለጠ። ክሱ ተመዝግቧል። መጥሪያው ትናንት ወጥቷል። «መመለስ የሚችለው ከሳሹ ነው» አላቸው። «እናንተ ምንድን ናችሁ?»

ምንም አልነበሩም።

መቀስ ብቻዋን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ስትደርስ አረንጓዴው በር ፊት ስድስት ሰባት ሰው ቆሟል። የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ሰው ቢያጣ መጥሪያውን ከነክሱ በሩ ላይ ለጥፎት ሄዷል። ገጾቹ በተርታ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው በላይ፣ ሙጫው ገና ያብረቀርቃል። ያሳመረቻቸው ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ ተሰልፈው ቆመዋል። አንዲት ሴት ለማታነብ ጎረቤቷ ጮክ ብላ ታነብላታለች። ሁለተኛው ሕግ በደንብ ተከብሯል።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሴቶች ወደ ውስጥ ይገቡና ጨርቅ በብብታቸው ይዘው ይወጣሉ። ለልብስ ሰፊዋ ልኬት ሰጥተው የነበሩ ናቸው፤ ያልተሰፋውን፣ በጠመኔ ብቻ ምልክት የተደረገበትን ጨርቃቸውን ይወስዳሉ። «ኋላ እመለሳለሁ፣ ግድ የለም» ይላሉ፤ ፊቷን ሳያዩ። ልብስ ሰፊዋ መርፌዎቹን እየነቀለች ጨርቁን አጥፋ ለየባለቤቱ ትሰጣለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ሰፈሩ በሙሉ ካነበበ በኋላ ነው እሷ ያነበበችው።

መቀስን ስታይ እጇ ቆመ።

«እትዬ» አለች መቀስ። «እኔ ማለት—»

ሴትየዋ ወደ በሩ መጣች። ጣቷን የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ማኅተም ላይ አደረገች፤ ከዚያ ጣቷን ከፍ አድርጋ «ፉጨት» የሚለው ቃል ላይ አሳረፈችው።

«ይኼን ስም አንቺ ብቻ ነሽ የምትጠሪያት» አለች። «ቤቴ እንጀራ በልተሽ ያደግሽ ልጅ።»

በሩን ዘጋችው። ስትዘጋው ወረቀቶቹ ወደ መቀስ ዞሩ።

የመልስ መስጫው ቀን በደረሰ ጊዜ መቀስ ዘጠኝ ሌሊት ያህል በደንብ አልተኛችም፤ ግን መቀስ መቀስ ናት፤ ባልተኛችበት ጊዜ ውስጥ አንድ ዕቅድ አውጥታ ነበር። ለፉጨት መልሱን ራሷ ትጽፍላታለች። እንዲህ ያለ መልስ በዚያ ፍርድ ቤት ታይቶ አይታወቅም። «ከመካከላቸው የትኛዋ» የምትለዋን ቃል ይዛ ሰውየውን በገዛ አፉ ታንቀዋለች። ዳኛው አንብቦ ሲጨርስ ቁጭ ብድግ ይላል። ከዚያ ፉጨት በመስኮቷ ሥር ታፏጫለች።

ጠዋት በመስታወቱ ስትመለከት እናትና ልጅ ከመንገዱ ማዶ አየቻቸው። ወደ እሷ እየመጡ መሰላት፤ ተነስታ አግዳሚውን ጠረገች። እነሱ ግን በቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆሙ። ሁለት ጣት ለእናትየዋ በርጩማ ሰጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ወረቀት አጎረሱ።

መቀስ መንገዱን ሳታይ ተሻገረች። አንድ መኪና ጥሩምባውን ነፋባት።

ፉጨት ቆማ ነው የምታስጽፈው። ከስታለች። መቀስን ስታይ አልሸሸችም፤ አለመሸሿ ራሱ መቀስን አስፈራት። ለሽማግሌው «ይቆዩኝ» አለቻቸውና ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ወጣች።

«እኔ አላወቅሁም ነበር» አለች መቀስ።

«ምኑን?»

«እውነትሽን እንደሆነ። አሁን ግን ገብቶኛል። ለጉባኤው የተናገርሽው ሁሉ እውነት እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ነው ያወቅሁት። እመሰክርልሻለሁ።»

ፉጨት አየቻት። «እኔ ለጉባኤው አልተናገርኩም።»

«እንዴት?»

«አልተናገርኩማ። ለማንም። ለእናቴም።» ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ጉባኤው ጋ የሄደችው ሌላ ልጅ ናት። ማን እንደሆነች እኔም አላውቅም፤ ከእኔ በኋላ የገቡት ትንንሾች ናቸው። እኔ ሁለት ዓመት ቀርቶኝ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ማንም ሳያውቅ ከዚህ ከተማ ልወጣ ነበር። እናቴ በር ላይ ነው ያነበበችው፣ ከጎረቤት ጋር ቆማ። ‹ይኼ ነገር ሆኗል ወይ?› አለችኝ። ምን ልበላት?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መቀስ ከአፏ ያወጣችው ደግሞ የራሷ ነገር እንኳ አልነበረም።

«እሱስ» አለች፣ ሳታስበው አንቱታውን ጥላ። «አይቶሻል?»

«ሁለቴ በበራችን አልፏል። በቀን። ሰላምታ ይሰጣል።» ፉጨት ወደ ጽሕፈት መኪናው ዞረች። «አንዴ ከታወቀ ልናገረው ብያለሁ። ለዚያችም ልጅ ድጋፍ ይሁናት። ብቻዋን ናት።»

ሁለት ጣት አንዲት ፊደል መቱ። ጠበቁ። ሌላ ፊደል ፈለጉ።

መቀስ ልቧ እየዘለለ እጇን ያዘቻት። ይኼ የእሷ ሥራ ነው፤ ይኼን እንኳ ትችላለች።

«እንግዲያው ነይ ወደ እኛ» አለች። «አንቺ ተናገሪ፣ እኔ በግማሽ ሰዓት አትሜ እሰጥሻለሁ። አሳምሬ ነው የምጽፍልሽ። መዝገብ ቤቱ ስድስት ሰዓት ይዘጋል፤ እኚህ ሰውዬ እስከ ማታም አይጨርሱልሽ። በሁለት ጣት እኮ ነው የሚጽፉት።»

ፉጨት እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«አዎ፣ በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት» አለች። «አፍ ግን የላቸውም።»